ጥቂት ሆነው ለእውነት መቆም፦ የአቶ ይድነቃቸው ተሰማ ሕይወት

በሰቆጣ ልጆች የጨርቅ ኳስ ሲያባርሩ ስታዩ ጨዋታ ብቻ ነው ብላችሁ ታልፉ ይሆናል። ነገር ግን በዚሁ በኳስ ምክንያት ትልቅ ፈተና የገጠማቸው አንድ ኢትዮጵያዊ ነበሩ። ሰባኪ አልነበሩም፤ ሕይወታቸው ግን ለእኛ ለአማኞች የሚጠይቀን ጥያቄ አለው።

አቶ ይድነቃቸው መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. በጅማ ተወለዱ። አባታቸው ስመ ጥሩው ባለቅኔ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው። ፋሺስት ኢጣሊያ አገራችንን ሲወር ገና ልጅ ነበሩ። በዚያ ዘመን ጥቁርና ነጭ በአንድ ሜዳ እንዳይጫወቱ ይከለከል ነበር። ከነጻነት በኋላ ለቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ ብዙ ዓመት ተጫወቱ፤ ለብሔራዊ ቡድንም ተሰለፉ።

አሁን ልብ በሉ። በ1949 ዓ.ም. የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን በካርቱም ሲመሠረት አባላቱ አራት አገሮች ብቻ ነበሩ፤ ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ። አቶ ይድነቃቸው ከመሥራቾቹ አንዱ ነበሩ። ደቡብ አፍሪካ ግን ጥቁርና ነጭ የተቀላቀሉበትን ቡድን አልልክም አለች። ከአራት አንዱን ማጣት ለአዲስ ማኅበር ቀላል አይደለም። ጥቂት ነንና ይህችን እንለፋት ማለት ይቻል ነበር። እነርሱ ግን አላለፏትም። የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ በሦስት አገሮች ብቻ ተካሄደ።

በ1954 ዓ.ም. አቶ ይድነቃቸው ያሠለጠኑት ቡድን በአዲስ አበባ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። የቡድኑ አምበል ሉቻኖ ቫሳሎ አባቱ ኢጣሊያዊ፣ እናቱ ኤርትራዊት ነበሩ። በወረራው ዘመን መለያየትን ያዩ ሰው፣ የኢጣሊያዊ ልጅ በመራው ቡድን ለአገራቸው ድል አመጡ።

ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው የኮንፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ሆነው አገለገሉ። የዘር መድልዎን መቃወም አልተዉም፤ በ1968 ዓ.ም. ፊፋ ደቡብ አፍሪካን ከአባልነት አስወጣ። ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም. አረፉ። የደከሙለትን ፍሬ ግን በዓይናቸው አላዩም። በ1988 ዓ.ም. ከመድልዎ የተላቀቀችው ደቡብ አፍሪካ ጥቁርና ነጭ በአንድነት የተሰለፉበትን ቡድን ይዛ የአፍሪካን ዋንጫ አነሣች።

ወገኖቼ፣ እኛስ? በዋግ ኽምራ ደጋ ያለች ትንሽ ኅብረት የሰው ቁጥር እንዳይጎድልባት ብላ ስንት ነገር በዝምታ ታልፋለች? ኽምጣኛ ተናጋሪው ከኋላ ሲቀመጥ፣ ባለጠጋው ከፊት ሲቀመጥ አይተን ዝም ብለን ይሆን? የያዕቆብ መልእክት ምዕራፍ 2 ለሰው ፊት ማድላት ኃጢአት መሆኑን በግልጽ ያስተምረናል። ስለ ኳስ ሲሉ አድልዎን እንቢ ያሉ ሰዎች ካሉ፣ በክርስቶስ ደም አንድ የሆንን እኛ ምን ምክንያት ይኖረናል?

እንግዲህ ፍሬው ዛሬ ባይታይም በእውነት እንቁም። ዘሪውና አጫጁ ሁልጊዜ አንድ ሰው አይደለም፤ መከሩ ግን የጌታ ነው። ጌታ ይርዳን። አሜን።