ጌምን በእጃችን ያስያዘን ሰው፦ የጄሪ ላውሰን ታሪክ

ጌም ስትገዙ የምትገዙት ምንድን ነው? ጌሙን ነው ወይስ ጌሙን እንድትጫወቱ የሚሰጣችሁን ፈቃድ? አሁን አብዛኞቻችን ስልካችን ላይ አንዴ ነካ አድርገን ዳውንሎድ ስለምናደርግ ጥያቄው ብዙም አያስጨንቀንም። ከ50 ዓመት ገደማ በፊት ግን አንድ ኢንጂነር ለዚህ ጥያቄ በእጅ የሚያዝ መልስ ሠርቶለት ነበር።

ስሙ ጄራልድ ላውሰን ነው፤ የሚያውቁት ጄሪ ነው የሚሉት። ጌም ከማሽኑ ተነጥሎ፣ ለብቻው ተሽጦ፣ ከቤት ቤት እንዲዞር ያደረገውን ቡድን የመራው እሱ ነው። ዲግሪ አልነበረውም። ሲሞትም ስሙን የሚያውቀው ሰው ጥቂት ነበር። እስቲ ታሪኩን እንይ። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

አንቴና በመስኮት

ጄሪ ዲሴምበር 1 ቀን 1940 ኒውዮርክ፣ ብሩክሊን ውስጥ ተወለደ፤ ያደገው ደግሞ ኩዊንስ በሚባለው የከተማዋ ክፍል ነው። አባቱ ወደብ ላይ ዕቃ የሚጭንና የሚያራግፍ ሠራተኛ ሲሆን ሳይንስ በጣም ይወድ ነበር። አያቱ የፊዚክስ ሰው ነበሩ፤ ግን በዚያ ዘመን ለጥቁር ሰው በሙያው በሩ ዝግ ስለነበር ፖስታ ቤት ሠርተው ኖሩ። እናቱ ደግሞ ልጇን አንድ ትምህርት ቤት ከማስገባቷ በፊት ራሷ ሄዳ አስተማሪዎቹን ካላናገረች አታምንም።

አንደኛ ክፍል እያለ አስተማሪው ከመቀመጫው አጠገብ የጆርጅ ዋሽንግተን ካርቨርን ፎቶ ለጥፋለት ነበር። ካርቨር በባርነት ተወልዶ ትልቅ የግብርና ሳይንቲስት የሆነ ጥቁር አሜሪካዊ ነው። እሱም እንደ ካርቨር መሆን እንደሚችል አስተማሪው የነገረችውን ጄሪ አርጅቶም አልረሳውም።

በ13 ዓመቱ የአማተር ሬዲዮ ፈቃድ አወጣ። ጣቢያውን የገጣጠመው ራሱ ነው፤ አንቴናው በቤቱ መስኮት ወጥቶ ይታይ ነበር። ጎረምሳ ሲሆን የሰው ቤት እየሄደ ቲቪ ይጠግን ጀመር። ኩዊንስ ኮሌጅ ገባ፣ ሲቲ ኮሌጅም ተማረ፤ ዲግሪውን ግን አልጨረሰም። ከዚያ በኋላ ትምህርት ቤቱ ሥራው ሆነ።

ጋራዥ ውስጥ የተሠራው ጌም

1970 ላይ ካሊፎርኒያ ውስጥ ፌርቻይልድ ሴሚኮንዳክተር ገባ። ፌርቻይልድ ማለት ሲሊኮን ቫሊን ሲሊኮን ቫሊ ካደረጉት የቺፕ ኩባንያዎች አንዱ ነው። የጄሪ ሥራ ደንበኞች የኩባንያውን ቺፖች እንዴት እንደሚጠቀሙባቸው ማሳየት ነበር። ቁመቱ ሁለት ሜትር የሚጠጋ ግዙፍ ሰው ስለነበር ከገባበት ክፍል ሁሉ ጎልቶ ይታያል። በዚያ ላይ በዚያን ጊዜ በዚያ ሰፈር ጥቁር ኢንጂነር ማየት ብርቅ ነበር።

ሆምብሪው ኮምፒውተር ክለብ የሚባል የኮምፒውተር ወዳጆች ስብስብ ነበር፤ የአፕል መሥራቾች ስቲቭ ጆብስና ስቲቭ ዎዝኒያክ የሚመጡበት። ከክለቡ ሁለት ጥቁር አባላት አንዱ ጄሪ ነው። እንዲያውም ዎዝኒያክን ለፌርቻይልድ ሥራ ኢንተርቪው አድርጎት ሳይቀጥረው ቀርቷል!

ማታ ማታ ደግሞ ጋራዡ ውስጥ የራሱን ነገር ይሠራል። የኩባንያውን ኤፍ8 የሚባል ማይክሮፕሮሰሰር ተጠቅሞ በሳንቲም የሚሠራ የመኪና መጋጫ ጌም ሠራ፤ ስሙ ዴሞሊሽን ደርቢ። አለቆቹ ይህን ሲሰሙ የሚቆጡት መስሎት ነበር፤ እነሱ ግን አዲስ የተቋቋመውን የቪዲዮ ጌም ክፍል እንዲመራ ሾሙት።

ካርትሪጁ

እዚህ ጋ ቆም እንበል፤ ከዚያ በፊት የነበረውን ካላወቅን የሠራው ነገር አይገባንም።

በዚያን ጊዜ ቤት ውስጥ ጌም መጫወቻ የገዛ ሰው ያገኘው ማሽኑ ውስጥ የተሠሩትን ጌሞች ብቻ ነው። ፖንግን የገዛ ፖንግን ይጫወታል፤ ሲሰለቸው ማሽኑን አስቀምጦ ሌላ ማሽን ይገዛል። 1972 ላይ የወጣው ማግናቮክስ ኦዲሲ የሚሰኩ ካርዶች ነበሩት፤ ግን ካርዶቹ ውስጥ ጌም የለም። ማሽኑ ውስጥ ያሉትን ሽቦዎች በተለያየ መንገድ ያገናኛሉ እንጂ።

አልፔክስ የሚባል ትንሽ ኩባንያ ውስጥ የሚሠሩት ዋላስ ኪርሽነርና ሎውረንስ ሃስከል ጌምን ሚሞሪ ቺፕ ላይ አድርጎ ከማሽኑ መለየት እንደሚቻል አሳዩ። ፌርቻይልድ ሐሳቡን በፈቃድ ገዛ። ግን ላቦራቶሪ ውስጥ መሥራቱና ሳሎን ውስጥ መሥራቱ የተለያየ ነው። የስድስት ዓመት ሕፃን አንድ ሺህ ጊዜ ሲሰካውና ሲነቅለው የማይበላሽ ነገር ማድረግ የጄሪ ቡድን ሥራ ሆነ።

ከባድ ነበር። ቺፕ በቀላሉ የሚጎዳ ዕቃ ነው፤ ከጣት የሚወጣ ትንሽ የኤሌክትሪክ ብልጭታ ይገድለዋል። ተራ ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ በእጁ ቺፕ የሚሰካበት ምርት ከዚያ በፊት በብዛት ተሠርቶ አያውቅም። የመንግሥት የኮሙኒኬሽን መሥሪያ ቤት ደግሞ ማሽኑ የጎረቤትን ቲቪ እንዳይረብሽ ብሎ እያንዳንዱን ካርትሪጅ ሳይቀር ይፈትሽ ነበር። የመካኒካል ኢንጂነሩ ሮን ስሚዝና ዲዛይነሩ ኒክ ታሌስፎር ከጄሪ ጋር ሆነው ቺፑን የሚሸፍን ቢጫ የፕላስቲክ ሳጥን ሠሩለት፤ በወቅቱ የነበረውን የሙዚቃ ካሴት የሚመስል።

ቻነል ኤፍ በሚል ስም የሚታወቀው ማሽን ኖቬምበር 1976 ላይ ለገበያ ወጣ። ዋጋው 169.95 ዶላር፣ አንዱ ካርትሪጅ 19.95 ዶላር። ጌሙን ለአፍታ የሚያቆም ቁልፍም ነበረው፤ አሁን ፖዝ የምንለው ነገር ቤት ውስጥ የገባው በዚያ ነው።

ይህ ምን ለወጠ? ጌም ዕቃ ሆነ። ልክ እንደ መጽሐፍ ታውሰዋለህ፣ ትለዋወጠዋለህ፣ ሲሰለችህ ትሸጠዋለህ፣ ለታናሽህ ታወርሰዋለህ። ከሱቅ ከወጣህ በኋላ ኩባንያው ቢዘጋ እንኳ ጌሙ ያንተ ነው፤ ለመጫወት የማንንም ፈቃድ አትጠይቅም።

ሌላው በላበት

ቻነል ኤፍ ግን ብዙ አልገፋም። በ1977 አታሪ የራሱን የካርትሪጅ ማሽን አወጣና በዓመታት ውስጥ ወደ 30 ሚሊዮን ሸጠ። መንገዱን የጠረገው ተረሳ፣ የሄደበት ገነነ።

ጄሪ 1980 ላይ ፌርቻይልድን ለቆ ቪዲዮሶፍት የሚባል የራሱን ኩባንያ ከፈተ፤ ከመጀመሪያዎቹ በጥቁር ሰው የተያዙ የጌም ኩባንያዎች አንዱ ማለት ነው። ለአታሪ ማሽን ጌሞች መሥራት ጀመረ። ግን 1983 ላይ የአሜሪካ የጌም ገበያ ተንኮታኮተ። ማንም እየተነሳ ካርትሪጅ ስላመረተ ሱቆች በማይሸጥ ዕቃ ተጨናነቁ። አታሪ ራሱ በኒው ሜክሲኮ ግዛት አላሞጎርዶ ከተማ ያልተሸጡ ካርትሪጆችን በመኪና ጭኖ መሬት ቀበረ። ቪዲዮሶፍትም አልቻለም፤ ሱቅ የደረሰለት የቲቪ ቀለም ማስተካከያ ካርትሪጅ ብቻ ነው፤ ተዘጋ።

እውነቱን እንናገር፤ በእጅ የሚያዝ ጌም ክፉ ጎን አለው። ካርትሪጁ ከመሸጡ በፊት ይመረታል፣ ይጫናል፣ መደርደሪያ ይይዛል። ካልተሸጠ ኪሳራው የሠሪው ነው። ትንሽ ኩባንያ ይህን አይችልም። ጄሪን የጣለው ራሱ የወለደው ነገር ነው ማለት ይቻላል።

የሚገርመው፣ ዳውንሎድም የተጀመረው በዚያው ዓመት አካባቢ ነው። ቢል ቮን ማይስተር የሚባል ነጋዴ 1983 ላይ ጌምላይን የሚባል አገልግሎት ከፈተ። አታሪው ላይ የሚሰካ ሞደም ያለው ካርትሪጅ ነው፤ በስልክ መስመር ጌም ያወርዳል። ከፍለህ ጥቂት ጊዜ ትጫወታለህ፣ ከዚያ ጌሙ ይጠፋል። አገልግሎቱ ወዲያው ከሰረ። የዛሬው ክርክር ግን ያኔውኑ ተጀመረ፦ የያዝከው ጌም ወይስ የተከራየኸው ጌም?

ዘግይቶ የመጣ ምስጋና

ጄሪ ከዚያ በኋላ የማማከር ሥራ እየሠራ ኖረ። የስኳር በሽታው ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ጠንቶበት የአንድ ዓይኑን ብርሃንና የአንድ እግሩን አገልግሎት አጣ። ማርች 2011 ላይ ዓለም አቀፉ የጌም ሠሪዎች ማኅበር ለኢንዱስትሪው ፈር ቀዳጅነቱ አከበረው። ከአንድ ወር በኋላ፣ ኤፕሪል 9፣ በ70 ዓመቱ አረፈ። ለጥቂት ነው የደረሰለት።

ከዚያ በኋላ ስሙ ከፍ አለ። 2020 ላይ ኔትፍሊክስ ስለ ጌም ታሪክ በሠራው ዶክመንተሪ ልጆቹ ስለ እሱ ተናገሩ። ዲሴምበር 1 ቀን 2022 ደግሞ ጉግል 82ኛ ልደቱን በመጫወቻ ዱድል አሰበለት።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ቪዲዮሶፍት ሠርቶ ለገበያ ሳያወጣቸው ከቀሩት ጌሞች ውስጥ የተወሰኑት ከዓመታት በኋላ ተገኝተዋል። እንዴት? ናሙናቸው ቺፕ ላይ ነበር፤ አንድ ሰው እጅ ላይ ቀርቶ ነበር። አላሞጎርዶ ላይ የተቀበሩት እንኳ 2014 ላይ ተቆፍረው ወጥተው ወደ 1,300 የሚሆኑት ተለቅመዋል። ከ30 ዓመት በኋላ፣ ከቆሻሻ ሥር!

ዛሬስ?

አሁን ወደ እኛ ዘመን እንምጣ። ዘ ክሩ የሚባል የመኪና ጌም 2014 ላይ ወጣ። ሠሪው ዩቢሶፍት ማርች 31 ቀን 2024 ሰርቨሩን ዘጋው፤ ጌሙ በዚያው ሞተ። ዳውንሎድ ያደረገውም፣ ዲስኩን በገንዘቡ ገዝቶ መደርደሪያ ላይ ያስቀመጠውም እኩል ነው የቀሩት። ዲስኩ ያለ ሰርቨሩ አይሠራማ!

2025 ላይ ከኒንቴንዶ ስዊች 2 ጋር ደግሞ አዲስ ዓይነት ካርድ መጣ። ሱቅ ገብተህ ትገዛለህ፣ ሳጥን አለው፣ ትሰካዋለህ፤ ግን ጌሙ ውስጡ የለም፤ ከኢንተርኔት ነው የምታወርደው። ከጄሪ በፊት የነበረው የኦዲሲ ካርድ ትዝ አላችሁ?

በሌላ በኩል ጎግ የሚባለው የፒሲ ጌም መሸጫ አለ። ሽያጩ በዳውንሎድ ነው፤ ግን የጌሙን መጫኛ ፋይል ያለ ቁልፍ ስለሚሰጥ ፍላሽ ላይ ገልብጠህ፣ ያለ ኢንተርኔት ለዘላለም መጫወት ትችላለህ። የካሊፎርኒያ ግዛት ሕግም ይህን ልዩነት ይዟል። ከ2025 ጀምሮ ሻጭ ፈቃድ ብቻ እየሰጠ ግዛ የሚል ቁልፍ ሲያስቀምጥ ፈቃድ መሆኑን በግልጽ መናገር አለበት፤ ገዢው አውርዶ ያለ ኢንተርኔት ለዘለቄታው የሚያስቀረውን ግን ሕጉ አይመለከተውም።

ስለዚህ ክርክሩ ፕላስቲክ ይሻላል ወይስ ዳውንሎድ አይደለም። ጄሪ የሰጠን ነገር ፕላስቲኩ አልነበረም፤ ጌሙ ሙሉ ሆኖ፣ የማንንም በር ሳያንኳኳ እጃችን ላይ መሆኑ ነው። ባዶ ካርድ በእጅ ቢያዝም ያንተ አይደለም፤ ሙሉ ፋይል ግን ባይታይም ያንተ ነው።

ይህ እኛንም ይነካናል። ሰፈር ውስጥ ያለ ፕሌስቴሽን ቤት በአንድ ዲስክ ስንት ልጅ ያጫውታል? ዲስኩ ከአንድ ሰው አካውንት ጋር የታሰረ ቢሆን ይህ አይሆንም። ዳውንሎዱም ለብዙዎቻችን ቀላል አይደለም፤ በውጭ ምንዛሪ በካርድ መክፈሉ፣ ከዚያ በላይ ደግሞ ፓኬጁ። ያን ሁሉ ከፍሎ ነገ የሚጠፋ ነገር ማግኘት ያንገበግባል።

የቪዲዮ ጌም ታሪክ ፋውንዴሽን 2023 ላይ ባወጣው ጥናት ከ2010 በፊት አሜሪካ ውስጥ ከወጡ ጌሞች 87 በመቶው በወቅቱ በገበያ ላይ አይገኙም ነበር። ዳውንሎዱ ቀላልና ርካሽ ነው፤ የትም ያለ ትንሽ ሠሪ ያለ ፋብሪካና ያለ መጋዘን ጌሙን ለዓለም እንዲሸጥ አድርጎታል። ጄሪም 1983 ላይ ይህ ዕድል ቢኖረው ቪዲዮሶፍት ላይዘጋ ይችል ነበር። ግን ከመክፈላችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል? ኩባንያው ቢዘጋስ? ለጓደኛዬ መስጠት እችላለሁ?

ሦስቱም መልስ አይሆንም ከሆነ እየተከራያችሁ ነው። መከራየት ነውር አይደለም፤ የግዢ ዋጋ እየከፈሉ መከራየት ግን ኪሳራ ነው።

1976 ላይ የወጡት የጄሪ ቢጫ ካርትሪጆች ዛሬም ማሽኑ ላይ ሲሰኩ ይሠራሉ። የሠራቸው ኩባንያ ከጌም ሥራ ከወጣ ቆይቷል፤ ጄሪም የለም። ጌሙ ግን አለ። እናንተ ስልክ ላይ ያሉት ጌሞች ከ50 ዓመት በኋላ የት ይሆናሉ? ኮመንት ላይ ጻፉልን።