ጌዴዎን፤ እየፈራ የታዘዘ ኃያል

አንባቢ ሆይ፤ ፍርሃት በያዘህ ጊዜ የኢዮአስን ልጅ የጌዴዎንን ታሪክ አስብ። ምድያማውያን እስራኤልን 7 ዓመት ባስጨነቁ ዘመን፥ ይህ ሰው ስንዴውን ከእነርሱ ለመሸሸግ በወይን መጥመቂያ ውስጥ ይወቃ ነበር። ወገኑ በምናሴ ነገድ ደካማ፥ እርሱም በአባቱ ቤት ታናሽ ነበረ። እግዚአብሔር ግን ጠራው፤ አስቀድሞም ወደ ጦር ሜዳ ሳይሆን ወደ ገዛ ቤቱ ላከው። የአባቱን የበኣል መሠዊያ እንዲያፈርስ አዘዘው። ጌዴዎን የከተማውን ሰዎች ስለ ፈራ በቀን ሊያደርገው አልቻለም፤ ነገር ግን 10 አገልጋዮች ይዞ በሌሊት አፈረሰው።

ከዚህ በኋላ 32,000 ሰው ተሰበሰበለት፤ የፈሩት 22,000 ተመለሱ፤ ከቀሩትም በውኃው ዳር 300 ብቻ ተመረጡ። እነዚህም ቀንደ መለከትና በባዶ ማሰሮ የተሸሸገ ችቦ ይዘው፥ የምድያምን ሰፈር በሌሊት አሸበሩ።

አንተም በመሥሪያ ቤት መማለጃ ሲያቀርቡልህ፥ ወይም በዳኛ ፊት በሐሰት እንድትመሰክር ሲያባብሉህ፥ የሰዎቹን ብዛት አይተህ አትናወጥ። አስቀድመህ በቤትህ ያለውን ጣዖት አፍርስ። ድል ባገኘህም ጊዜ ተጠንቀቅ፤ ጌዴዎን ንግሥናን እምቢ ቢልም፥ ከምርኮው ወርቅ ያሠራው ኤፉድ ለእርሱና ለቤቱ ወጥመድ ሆኗል። እንግዲህ ፍርሃትህ እስኪለቅህ ድረስ አትጠብቅ፤ እየፈራህም ቢሆን ታዘዝ።