ከሰማያዊው ቀበቶ ጀርባ ያለው ሰው

በደብረ ማርቆስም ሆነ በሌሎች ከተሞቻችን ቴኳንዶ የሚማር ልጅ ከእርግጫው በፊት ቃላቱን ይለምዳል። ነጩ ልብስ ዶቦክ፣ የሚለማመድበት ስፍራ ዶጃንግ፣ አስተማሪው ሳቦም ይባላል። ቻሪዮት ሲሉት ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ኩንግዬ ሲሉት እጅ ይነሣል። (እጅ መንሣቱን እንኳ የጎጃም ልጅ ከኮሪያ መማር አያስፈልገውም ነበር።)

ማዕረጉም የራሱ ሥርዓት አለው። ጀማሪው ነጭ ቀበቶ ታጥቆ 10ኛ ኩፕ ሆኖ ይገባል። ቁጥሩ እየቀነሰ፣ ቀበቶው ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊና ቀይ እየሆነ 1ኛ ኩፕ ይደርሳል። ከዚያ በጥቁር ቀበቶ 1ኛ ዳን ተብሎ እንደገና ወደ ላይ እስከ 9ኛ ይቆጠራል። በየደረጃው ቱል የሚባል፣ ከማይታይ ባላጋራ ጋር የሚደረግ የውጊያ ቅደም ተከተል አለ። በኢንተርናሽናል ቴኳንዶ (የወርልድ ቴኳንዶ ስያሜ ሌላ ነው) ሰማያዊ ቀበቶ የታጠቀ የ4ኛ ኩፕ ተማሪ የሚለማመደው ቱል ጁንግ ጉን ይባላል። 32 እንቅስቃሴ አለው። ጎበዙ ተማሪ አንድም ሳያዛንፍ እንደ ዳዊት ይደግመዋል። ታሪኩን የሚነግረው ካላገኘ ግን ስሙ የእርግጫ ስም ሆኖ ይቀርበታል።

አን ጁንግ ጉን በ1879 (ካልተገለጸ በቀር ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ሃይጁ በምትባል፣ ዛሬ በሰሜን ኮሪያ ባለች ከተማ ተወለደ። በልጅነቱ አደን ይወድ ነበርና የተዋጣለት ተኳሽ ወጣው። በ1897 የካቶሊክ እምነት ተቀብሎ ቶማስ ተባለ።

ጃፓን ሩሲያን ድል ባደረገችበት በ1905 ኮሪያን አንድ ውል አስፈረመች። ፍሬ ነገሩ ኮሪያ ከውጭ መንግሥታት ጋር የሚኖራት ግንኙነት ሁሉ በጃፓን እጅ ይሁን የሚል ነበር። የውጫሌን ውል አንቀጽ 17 ያነበበ ኢትዮጵያዊ ይህን ዘዴ በደንብ ያውቀዋል። የእኛዎቹ ውሉን አፍርሰው በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ መልስ ሰጡ፤ የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትም ጦራቸውን ይዘው ከዚያው ነበሩ። ኮሪያ ግን ዓድዋ አልነበራትም። 4 ጊዜ የጃፓን ጠቅላይ ሚኒስትር የነበረውና ውሉን ያስፈረመው ኢቶ ሂሮቡሚ የኮሪያ የመጀመሪያው የበላይ ገዢ ሆኖ ሴኡል ተቀመጠ።

አን መጀመሪያ ያነሣው መሣሪያ አልነበረም፤ ትምህርት ቤት ነበር የከፈተው። በ1907 የኮሪያው ንጉሠ ነገሥት ከዙፋን ወርደው ጦሩ ሲበተን ነው ወደ ሩሲያ ግዛት ተሻግሮ ከአርበኞች የተቀላቀለው።

ለእኔ የዚህ ሰው ሕይወት ትልቁ ቀን ሁሉም የሚያወራለት የሐርቢኑ ቀን አይደለም። በ1908 በጋ ወራት ነው። አን ጥቂት አርበኞችን መርቶ የቱመንን ወንዝ ተሻገረ፣ የጃፓን ወታደሮችን ገጥሞ ምርኮኞች ያዘ። ጓደኞቹ ይገደሉ አሉ፤ ጃፓኖች የያዙትን አርበኛ አይምሩምና። እሱ ግን የዓለም አቀፍ ሕግ ምርኮኛ መግደልን ይከለክላል ብሎ፣ መሣሪያቸውን ጭምር መልሶ ለቀቃቸው። ብዙም ሳይቆይ የጃፓን ጦር መጥቶ ቡድኑን በታተነው። ጓዶቹ ተቆጡ፣ ብዙዎቹም ተለዩት፤ እሱ በረሃብና በዝናብ ጫካ ለጫካ ተንከራትቶ ተረፈ። የቴኳንዶ ተማሪ የሚምልባቸው 5 እሴቶች ትሕትና፣ ሐቀኝነት፣ ጽናት፣ ራስን መግዛትና የማይበገር መንፈስ ናቸው። ራስን መግዛት ምን ያህል እንደሚያስከፍል ለማሳየት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

በ1909 መጀመሪያ እሱና 11 ጓዶቹ የግራ እጃቸውን የቀለበት ጣት ጫፍ ቆርጠው ማሉ። በዚያው ዓመት ጥቅምት 26 ቀን ኢቶ በቻይናዋ ሐርቢን ከተማ ከባቡር ሲወርድ አን ሦስት ጥይት አሳረፈበት፤ አብረውት የነበሩ ሌሎችም ቆሰሉ። ሊሸሽ አልሞከረም። የሩሲያ ጠባቂዎች ይዘው ለጃፓን አስረከቡት።

የሕግ ሰው እዚህ ላይ ቆም ማለቱ አይቀርም። ድርጊቱ የተፈጸመው በቻይና ምድር፣ በሩሲያ የባቡር ክልል ነው። ተከሳሹ ኮሪያዊ ነው። ታዲያ ዳኛው እንዴት ጃፓናዊ ሆነ? በዚያው በ1905ቱ ውል ነው። ሊሟገቱለት የፈለጉ የውጭ ጠበቆች ተከለከሉ። ፍርድ ቤቱ ያቆመለት ጃፓናዊ ጠበቃ እንኳ የጃፓን የወንጀል ሕግ በኮሪያዊ ላይ እንደማይሠራ ተከራክሮ ነበር። አን ራሱ የአርበኞች ጦር አዛዥ ነኝና እንደ ጦር ምርኮኛ ልታይ አለ፤ በኢቶ ላይም 15 ክስ ዘረዘረ። እውነቱን ለመናገር የምርኮኝነት ክርክሩ ቀላል አልነበረም። በሲቪል ልብስ፣ ሽጉጥ ደብቆ በሕዝብ መሐል የቆመን ሰው የ1907ቱ የሄግ ደንብ በቀላሉ ተዋጊ አይለውም። ነገር ግን ያ ፍርድ ቤት ጥያቄውን ለመመርመር የሚያበቃ ገለልተኝነት አልነበረውም። ጣሊያንም የጎጃምን አርበኛ ሽፍታ ይለው እንደነበር እናስታውሳለን። ምርኮኞቹን በሕግ ስም የለቀቀው ሰው በተራው ሕጉን ሲጠይቅ ተነፈገ።

ችሎቱ የካቲት 7 ቀን 1910 ጀምሮ የካቲት 14 ሞት ተፈረደ። አን ይግባኝ አላለም። በምሥራቅ እስያ ሰላም ላይ መጽሐፍ ጀምሮ ነበር፤ ሳይጨርሰው መጋቢት 26 ቀን በሉሹን እስር ቤት ተሰቀለ። በዚያው ዓመት ነሐሴ ጃፓን ኮሪያን ጠቀለለች።

ስሙን ለቱሉ የሰጡት፣ በ2002 ያረፉት ጄኔራል ቾይ ሆንግ ሂ እሳቸውም በጃፓን እስር ያለፉ ሰው ናቸው። 32ቱ እንቅስቃሴዎች አን ሲሰቀል የነበረው ዕድሜ ናቸው። የሚያሰላ ተማሪ 30 ብቻ ቢያገኝ አይደንግጥ፤ በቀድሞው የኮሪያ አቆጣጠር ሕፃን ሲወለድ የ1 ዓመት ነው፣ አዲስ ዓመት በገባ ቁጥርም አንድ ይጨመርለታል።

ሴኡል ውስጥ በሂዮቻንግ መናፈሻ የተዘጋጀለት መቃብር ዛሬም ባዶ ነው፤ አስከሬኑ አልተገኘም።