የብረት ክንዱ ልጅ አባት ኦሳሙ ቴዙካ

በልጅነታቸው ያዩአቸውን የጃፓን የካርቱን ፊልሞች እያነሡ የሚናፍቁ ወጣቶች ዛሬ ብዙዎች ናቸው። የእነዚህን ፊልሞች የቴሌቪዥን አጀማመር በተመለከትን ጊዜ በግንባር ቀደምነት የምናገኛቸው ሰው ኦሳሙ ቴዙካ ናቸው።

ቴዙካ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1928 ዓ.ም. በኦሳካ አውራጃ በቶዮናካ ተወለዱ። ሕክምና ተምረው ፈቃድ ቢያገኙም ልባቸው ወደ ሥዕል አዘነበለ። አቶም የተባለው ሮቦት ልጅ ታሪክ በ1952 ዓ.ም. በመጽሔት መታተም ጀመረ፤ በ1963 ዓ.ም. በጃፓኖች የዘመን መለወጫ ዕለት ደግሞ በቴሌቪዥን ታየ።

በየሳምንቱ ግማሽ ሰዓት የሚሞላ ፊልም ማድረስ የማይሞከር ይመስል ነበር። ቴዙካ ግን ዘዴ አበጁለት፤ ይኸውም በሴኮንድ 24 ሥዕል በመሣል ፈንታ 8 ያህሉ እንዲበቃ፥ አንድ ጊዜ የተሣለውም ተቀምጦ ደግሞ እንዲያገለግል ማድረግ ነው። ፊልሙንም ከወጪው በታች ሸጡት፤ ጉድለቱን የአቶም መልክ ከታተመባቸው ዕቃዎች በሚገኝ ገቢ ሊሞሉ አስበው ነበር።

እኛም ሰውየውን ብናደንቅ የዋጋውን ነገር ዝም ብለን አናልፈውም። የካርቱን ሠዓሊዎች ደመወዝ ማነስ በተነሣ ቍጥር ብዙዎች ምክንያቱን ከዚያ ውል ይመዝዛሉ። ሌሎች ደግሞ በሌላ ዋጋ ፊልሙን የሚገዛ አይገኝም ነበር ይላሉ፤ ይህም ከንቱ ክርክር አይመስለንም። ቴዙካ ያቋቋሙት ሙሺ ፕሮዳክሽን ራሱ በ1973 ዓ.ም. ከሰረ።

በ1989 ዓ.ም. በ60 ዓመታቸው በጨጓራ ካንሰር ዐረፉ። ሆስፒታል ተኝተውም መሣላቸውን አልተዉም ነበርና፥ የጀመሯቸው ታሪኮች ሳይፈጸሙ ቀሩ።