ራምቦ፡ ከወንዝ ዳር ከተማ እስከ ታጁራ ባሕር
በጅቡቲ ከተማ እምብርት ያለው የማህሙድ ሃርቢ አደባባይ ቀድሞ የሚጠራው በፈረንሳዊው ባለቅኔ በአርተር ራምቦ ስም ነበር።

ራምቦ በአውሮፓውያኑ 1854 በመዝ ወንዝ ዳር በምትገኘው ሻርልቪል ተወለደ። በወንዝ ወርዳ ባሕር ስለገባች ጀልባ ዝነኛ ግጥሙን የጻፈው በ1871፣ ባሕር ሳያይ፣ በ16 ዓመቱ ነው። ብዙም ሳይቆይ ግጥምን እርግፍ አድርጎ ተወ።

በ1880 ሐረር ገብቶ በንግድ ተሰማራ። በ1885 መጨረሻ ለሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ጠመንጃ ሊሸጥ ታጁራ ቢደርስም ቅፍለቱ ለአንድ ዓመት ገደማ ከዚያ አልተንቀሳቀሰም። በ1887 ሸዋ ሲደርስ ደግሞ የሟች ሸሪኩ ዕዳ ከሒሳቡ ተቀነሰበት፤ ያሰበውን ትርፍ አላገኘም።

በ1891 ማርሴይ ውስጥ እግሩ ተቆርጦ፣ በ37 ዓመቱ አረፈ።

ዛሬ ሻርልቪል ግጥሞቹን በግድግዳ ሥዕሎች ለመንገደኛ ታሳያለች፤ በወንዙ ላይ ያለው አሮጌ ወፍጮም ሙዚየሙ ሆኗል። ጅቡቲ ግን አደባባዩን ለነጻነት ታጋይዋ ሰጥታለች።