ዉዲ ገትሪና ከእናቱ የወረሰው ሕመም

በአሜሪካ የሕዝብ ዜማ ታሪክ ውስጥ ጉልህ ሥፍራ ያለው የዘፈን ደራሲና ድምጻዊ ዉዲ ገትሪ ካረፈ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ተቆጥሯል። ሥራዎቹ ዛሬም ይደመጣሉ። ለሞት ያበቃው ሕመም ደግሞ የመርሳት ችግር በዘር ሊተላለፍ ይችላል ወይ ለሚለው ጥያቄ ግልጽ ማስረጃ ሆኖ ይጠቀሳል።

ዉዲ እ.ኤ.አ በ1912 በኦክላሆማ ግዛት በኦኬማ ከተማ ተወለደ። ገና በልጅነቱ እናቱ ወይዘሮ ኖራ ጠባያቸው ተለወጠ፣ ሰውነታቸውም ያለፈቃዳቸው ይንቀሳቀስ ጀመር። ጎረቤቶቻቸው እንደ እብደት ቆጠሩት። እ.ኤ.አ በ1927 በኖርማን ከተማ ወደሚገኘው የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ተወስደው ሕይወታቸው በዚያው አለፈ።

ዉዲ በ1930ዎቹ በድርቅና በአቧራ ማዕበል ከተፈናቀሉ ገበሬዎች ጋር ወደ ካሊፎርኒያ ተጓዘ። የስደተኞቹንና የሠራተኞቹን ኑሮ በጊታሩ አዜመ። በስፋት የሚታወቀውን «ዚስ ላንድ ኢዝ ዩር ላንድ» የተሰኘ ዘፈን የደረሰው እ.ኤ.አ በ1940 ነበር።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ የእናቱ ምልክቶች በእርሱም ላይ ታዩ። ግልፍተኛ ሆነ፣ ሚዛኑን መጠበቅ ተሳነው። መጀመሪያ ላይ ችግሩ የመጠጥ ሱስ ያመጣው መስሎ ነበር። እ.ኤ.አ በ1952 ሐኪሞች ሕመሙ የሀንቲንግተን በሽታ መሆኑን አረጋገጡ። ዉዲ የመጨረሻዎቹን ዓመታት በሆስፒታሎች አሳልፎ እ.ኤ.አ ጥቅምት 3 ቀን 1967 በ55 ዓመቱ አረፈ። ወጣቱ ቦብ ዲላን እ.ኤ.አ በ1961 ሊጠይቀው ሲመጣ ጊታር መጫወት አቁሞ ነበር።

በሽታው እንቅስቃሴን፣ ጠባይንና የማሰብ ችሎታን ደረጃ በደረጃ የሚያጠፋ ሲሆን፣ ከታማሚ ወላጅ የተወለደ እያንዳንዱ ልጅ፣ ወንድም ሆነ ሴት፣ የመውረስ ዕድሉ 50 በመቶ ነው። ከዉዲ የመጀመሪያ ትዳር የተወለዱ ሁለት ሴት ልጆች በዚሁ ሕመም በ41 ዓመታቸው ሞተዋል።

የቀድሞ ባለቤቱ ማርጆሪ እ.ኤ.አ በ1967 የታማሚ ቤተሰቦችን የሚያሰባስብ ኮሚቴ አቋቋሙ። እ.ኤ.አ በ1983 እርሳቸው ባረፉበት ዓመት፣ ተመራማሪዎች በቬንዙዌላ የማራካይቦ ሐይቅ አካባቢ ከሚኖሩ ቤተሰቦች በተወሰደ የደም ናሙና በመታገዝ በሽታው ከአራተኛው ክሮሞዞም ጋር የተያያዘ መሆኑን ደረሱበት። ዘረ መሉ ራሱ እ.ኤ.አ በ1993 ተለየ። ከዚያ ወዲህ ጤናማ የሆነ ሰው ዘረ መሉን መውረስ አለመውረሱን በደም ምርመራ ማወቅ ይችላል። ሆኖም በሽታውን የሚያድን መድኃኒት ባለመገኘቱ ብዙዎች ውጤቱን ሳያውቁ መኖርን ይመርጣሉ።

የገትሪ ቤተሰብ ታሪክ ግን ለሁሉም የመርሳት ችግር መለኪያ አይሆንም። በብዛት በሚታየው የአልዛይመር በሽታ በአንድ ዘረ መል ለውጥ ብቻ የሚመጣው ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። በአብዛኞቹ ታማሚዎች ላይ የሚታየው የዕድሜ፣ የዘርና የአኗኗር ሁኔታ ድምር ውጤት ነው። ስለሆነም እናቱ ወይም አባቱ በእርጅና ዘመን መርሳት የጀመራቸው ልጅ ለበሽታው የመጋለጥ ዕድሉ ከሌላው ከፍ ቢልም፣ ይወርሰዋል ማለት አይደለም።