ሽታ የሌለውን መርዝ የመረመሩት ሊቅ

የሚታይ ጠላት በጋሻና በጦር ይመከታል፤ መልክና ሽታ የሌለውን ጠላት ግን የሚያሸንፈው ዕውቀት ነው። ከአርባ ምንጭ አጠገብ ካለችው ከጫኖ፥ ከሙዝና ከማንጎው አገር ተነሥቶ ለትምህርት ወይም ለሥራ አዲስ አበባ የገባ ወጣት፥ የክረምቱ ብርድ ሲጠናበት የከሰል ምድጃውን ወደ መኝታ ክፍሉ አስገብቶ በሩን ይዘጋ ይሆናል። ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው አየር ግን ሳያስለው በእንቅልፉ ላይ ሳለ ሊገድለው ይችላል። ይህን መርዝ አጥብቀው ከመረመሩት ሊቃውንት አንዱ ጆን ስኮት ሆልዴን ናቸው።

ሆልዴን የተወለዱት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1860 በስኮትላንድ በኤዲንብራ ከተማ ነው። ሕክምና ከተማሩ በኋላ በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የአተነፋፈስን ነገር መመርመር ያዙ። በ1896 በዌልስ አገር በታይለርስታውን የድንጋይ ከሰል ማዕድን ፍንዳታ ደርሶ 57 ሰዎች ሞቱ። ሆልዴን ነገሩን ሲመረምሩ፥ ብዙዎቹን የገደለው ፍንዳታው ራሱ ሳይሆን ከፍንዳታው በኋላ በጉድጓዱ የቀረው ካርቦን ሞኖክሳይድ መሆኑን ተረዱ። ይህ አየር ከደም ጋር የመጣበቅ ኃይሉ ከኦክሲጅን ከ200 ጊዜ በላይ ስለሚበልጥ፥ ደም ለሰውነት ኦክሲጅን ማድረስ ይሳነዋል።

ሆልዴን መርዙን ራሳቸው እየተነፈሱ፥ ጉልበታቸው እስኪከዳቸው ድረስ ምልክቱን ይመዘግቡ ነበር። ትንንሽ እንስሳት ከሰው ቀድመው እንደሚደክሙ ስላስተዋሉም፥ ሠራተኞች አይጥ ወይም ትንሽ ወፍ ይዘው ወደ ማዕድን እንዲገቡ መከሩ። ወፊቱ ስትወድቅ ሰዎቹ ጊዜ ሳያልፍባቸው ይወጣሉ። ካናሪ የተባለችው ወፍ በእንግሊዝ ማዕድኖች እስከ 1986 አገልግላለች።

በ1915 ጀርመኖች በኢፕር ጦር ሜዳ የመርዝ ጢስ በለቀቁ ጊዜ፥ ሆልዴን ወደ ግንባር ሄደው ክሎሪን መሆኑን ለዩ፤ መከላከያ ጭምብል እንዲሠራም ረዱ። ያረፉት በመጋቢት 1928 ዓ.ም. ነው። በዚያው ወር የፋሺስት ኢጣልያ አውሮፕላኖች በኢትዮጵያ ወታደሮች ላይ መርዝ ያዘንቡ ነበር።

ዛሬ የወፊቱን ሥራ ትንሽ መሣሪያ ይሠራዋል። መርዙ ሲነካው በውስጡ የኤሌክትሪኩ መተላለፍ ይለወጥና ደወል ይጮኻል። ሊቃውንት እንደ ቲን ኦክሳይድ ያለውን ማዕድናዊ ነገር ኤሌክትሪክ ከሚያስተላልፍ ፕላስቲክ ጋር፥ በዓይን በማይታይ ረቂቅ መጠን ያዋሕዳሉ። ማዕድኑ ብቻውን አብዛኛውን ጊዜ ካልጋለ በሚገባ አይሠራም፤ ሲዋሐድ ግን ሳይግልም ሊሠራ ይችላል።

ይህ መሣሪያ በቤቱ የሌለው ወጣት ምድጃውን ከደጅ ይተው፤ ብርድ ልብሱን ይደርብ። ሆልዴን በገዛ ሰውነታቸው ፈትነው ያገኙትን ዕውቀት፥ እኛ በገዛ ሕይወታችን ደግመን ልንፈትነው አይገባም።